ከ1909 ሥር ያለችው ፊደል

ልጆቼ፣

አሜሪካ ውስጥ በጌጣጌጥ ሱቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ከወርቁ ጎን አሮጌ ሳንቲምም እንገዛና እንሸጥ ነበር። ከእናንተ መካከል ሳንቲም መሰብሰብ የጀመራችሁ እንዳላችሁ ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ። ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ግን ስለ አንዷ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ሳን ፍራንሲስኮ ስለተመታችው የሊንከን ፔኒ፣ የፕሬዚዳንት ሊንከን መልክ ስላለባት የአንድ ሳንቲም ገንዘብ።

ሊንከን የተወለደበት 100ኛ ዓመት ሲከበር መልኩ ያለበት አዲስ ሳንቲም ተሠራ። የቀረጸው ቪክቶር ዴቪድ ብሬነር ነው። ከጀርባዋ፣ ከሁለቱ የስንዴ ዘለላዎች ግርጌ፣ የስሙን መነሻ ፊደላት ቪ.ዲ.ቢ. (V.D.B.) አኖረ። ኦገስት 2 ሕዝብ እጅ ገባች። ፊደላቱ በጣም ጎልተዋል ተብሎ ቅሬታ ተነሣና በቀናት ውስጥ እንዲወጡ ታዘዘ። እስከዚያ የፊላዴልፊያ ከተማ ማተሚያ ቤት 28 ሚሊዮን ያህል መትቶ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ግን 484,000 ብቻ።

ስለዚህ ቪ.ዲ.ቢ. አየን ብላችሁ አትሩጡ። ገልብጧት። ከፊት በኩል፣ ከ1909 ሥር፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ኤስ (S)፣ የሳን ፍራንሲስኮ ምልክት፣ አለች? ብዙ መቶ ዶላር የምታወጣው እሷ ናት። አጭበርባሪም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው፤ ርካሿን የፊላዴልፊያ ይገዛና ኤስ ይለጥፍባታል።

እኔም ተበልቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው «ልጄ ታሞብኝ ነው» ብሎ ኤስ ያለባትን ይዞልኝ መጣ። አዘንኩለት። ቸኮልኩ። የወር ደሞዜን ቆጥሬ ሰጠሁት። ማታ ቤት ገብቼ በማጉያ ሳያት በኤሷ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ሙጫ ነበር! በእውነተኛዋ ላይ ፊደሏ ከመዳቡ ጋር አንድ አካል ናት። በላይኛው እጥፏ ውስጥም የምታብጥ ትንሽ ነጥብ አለች። እሷን ሳታዩ ኪሳችሁን አትንኩ።

ገና ዓይናችሁ ካልለመደ ፒሲጂኤስ (PCGS) ወይም ኤንጂሲ (NGC) የተባሉት ሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች መርምረው በፕላስቲክ ያሸጉትን ግዙ። ማሸጊያውም በሐሰት ስለሚሠራ ቁጥሩን ድርጅቶቹ ዘንድ አመሳክሩ።

እባካችሁ፣ እባካችሁ አትፈግፍጓት። አንድ ልጅ እውነተኛዋን በሎሚና በጨው አሽቶ አመጣልኝ። እንደ አዲስ መዳብ ታበራለች፤ የመቶ ዓመት ወዟ ግን የለም። ባትነካ ኖሮ ከምሰጠው ግማሹን እንኳ መስጠት አልቻልኩም። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ትኩር ብሎ ሲያያት አንጀቴን በላኝ። ጫፍና ጫፏን ያዙ፤ ፊቷን በጣት አትንኩ።

ደግሞ ያረጀ ሁሉ ብርቅ እንዳይመስላችሁ። የእናቴ ጠገራ ብር 1780 ይላል። ከዚያ በኋላ ለዘመናት የተመታውም ያንኑ ቁጥር ነው የያዘው።

ያቺን የተለጠፈች ሳንቲም አልጣልኳትም። መሳቢያዬ ውስጥ ከእውነተኛዋ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣለች። ማጉያውም እዚያው አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ኑና ሁለቱን አስተያዩ።