ክትባቱ ውስጥ ዘይት ለምን ገባ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር፣ የእንቁላል ዶሮ እያረባሁ የምተዳደር እናት ነኝ። ፊንላንድ ውስጥ በዶሮ እርባታ ተቀጥራ የምትሠራው ልጄ የወፍ ጉንፋን ክትባት ልትወስድ ነው፤ ክትባቱ ግን ከሻርክ ጉበት የሚወጣ ዘይት እንዳለበት ሰምታ ፈራች። እኔ ለዶሮዎቼ የፈንግል ክትባት በውኃ በጥብጬ አጠጣለሁ እንጂ ዘይት ያለው ክትባት አላውቅም። ዘይቱ ለምን ይጨመራል? ጉዳትስ የለውም? ደግሞም ጾም ላይ ናት።

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ የሰማችው እውነት ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዶሮና ለፀጉራቸው ከሚረቡ እንስሳት ጋር ለሚሠሩ ሰዎች መስጠት የጀመረችው ክትባት ኤምኤፍ59 የተባለ አጋዥ አለበት፤ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን አጋዥ አድጁቫንት ይሉታል። ዋናው ይዘቱ ስኳሊን የሚባል ዘይት ሲሆን፣ በውኃ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ስለሚበተን ፈሳሹ ወተት ይመስላል። ስኳሊንን የእኛም ጉበት ይሠራዋል፣ በደማችንም ይዘዋወራል፤ በአንድ መርፌ የሚገባው ደግሞ 10 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም።

የሚጨመርበት ምክንያት ኤች5 የተባለውን የወፍ ጉንፋን የአብዛኛው ሰው ሰውነት አግኝቶት ስለማያውቅ፣ የቫይረሱ ቅንጣት ብቻውን ሲወጋ ችላ ስለሚለው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 የፈቀደችው አጋዥ የሌለው የኤች5ኤን1 ክትባት በአንድ መርፌ 90 ማይክሮግራም የቫይረስ ፕሮቲን ይዞ ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ነበር፤ የተለመደው የጉንፋን ክትባት ለየዝርያው የሚይዘው 15 ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ይበቃል የተባለውን የፀረ እንግዳ አካል መጠን ያገኙት ከተከተቡት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። የልጅዎ ክትባት ግን በ7.5 ማይክሮግራም፣ ቢያንስ በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ የተሻለ ምላሽ ያስገኛል። ዘይቱ መርፌው ያረፈበትን ጡንቻ በመጠኑ ያስቆጣዋል፤ ቁጣው ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራል፤ እነርሱም ቅንጣቱን ተሸክመው በብብት ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች ያደርሱታል፤ ፀረ እንግዳ አካል አምራቾቹ ሴሎች የሚሠለጥኑትም እዚያ ነው። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ሰውነት ከክትባቱ ዝርያ በጥቂቱ የተለወጠውንም ቫይረስ የማወቅ ዕድሉ ይሰፋል።

የክንድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት አጋዥ ካለው ክትባት በኋላ በርከት ብለው የሚታዩት በዚሁ ቁጣ ምክንያት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃሉ። ከዚህ የከበደ ነገር በአሳማ ጉንፋን ወረርሽኝ ጊዜ ታይቷል፤ ልንደብቅዎ አንፈልግም። ፓንደምሪክስ የተባለውን ክትባት በወሰዱ የፊንላንድና የስዊድን ልጆች ላይ፣ በቀን ድንገት እንቅልፍ የሚጥለው ናርኮሌፕሲ የተባለ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2010 ከተለመደው በላይ ተመዘገበ። ክትባቱ ኤኤስ03 የተባለ፣ ስኳሊንና ቫይታሚን ኢ ያለው ሌላ አጋዥ ነበረው። ነገር ግን ይኸው አጋዥ በገባበት የካናዳ ክትባት ችግሩ በዚያ መጠን አልታየም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በዘይቱ ላይ መጫን ትክክል አይመስለንም። ልጅዎ የምትወስደው ኤኤስ03 ያለበትን አለመሆኑንም ይንገሯት። ቀድሞ በክትባት ብርቱ አለርጂ ገጥሟት ከሆነ ግን ለሐኪሟ ታስታውቅ። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባቷን መጠየቅ የእርሷ ፋንታ ነው፤ እኛ የምናውቀው በጡንቻ የሚወጋ እንጂ የሚበላ አለመሆኑን ነው።

የእርስዎ የፈንግል ክትባት አጋዥ ያላስፈለገው ሕያው ሆኖ የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነና በዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ራሱ ስለሚራባ ነው። ለዶሮ በመርፌ የሚሰጡት የሞተ ቫይረስ ክትባቶች ግን፣ የወፍ ጉንፋኑን ጨምሮ፣ ብዙውን ጊዜ የማዕድን ዘይት አለባቸው፤ ይህም ለሰው ከሚሰጠው ስኳሊን እጅግ የሚያስቆጣ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ክትባት ሲወጉ መርፌው ጣትዎን ከነካዎት፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው ሳያሳድሩ ጠርሙሱን ይዘው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ዘይቱ ጣት ውስጥ ሲያብጥ የደም ዝውውሩን ሊዘጋ ስለሚችል ሐኪሙ ቀዶ ማጠብ ሊኖርበት ይችላል።