አንደበቴ የሚተሳሰረው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የእንግሊዝኛ የንግግር ፈተና አለብን። እያንዳንዱ ተማሪ በመረጠው ርዕስ ላይ ክፍሉ ፊት ቆሞ ለአምስት ደቂቃ እንዲናገርና መምህሩ ለሚያቀርቡለት ሁለት ጥያቄዎች መልስ እንዲሰጥ ታዟል፤ ውጤቱም ከመቶ 15 ይያዛል። በጽሑፍ ፈተና ከክፍሌ እስከ አምስተኛ እወጣለሁ፤ መናገር ግን አልችልም። 9ኛ ክፍል ሳለሁ ምንባብ ጮክ ብዬ ሳነብ «ዲተርሚን» መባል ያለበትን ቃል «ዲተርማይን» ብዬ በማንበቤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ፤ ከዚያም ዓመቱን ሙሉ መጠሪያዬ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እጄን አውጥቼ አላውቅም። አምና የቡድን ሥራ የማቀርብበት ቀን ሲደርስ ታምሜአለሁ ብዬ ቀረሁ። ስሜ ሲጠራ ልቤ ይደልቃል፤ አፌ ይደርቃል፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። አሁን «ግሎባላይዜሽን» የሚል ርዕስ መርጬ ከመጽሐፍ የገለበጥሁትን እየሸመደድሁ ነው። እናቴ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት እውላለሁ። እርሷም «ከስንቱ ገበያተኛ ጋር ስትከራከሪ እየዋልሽ ክፍል ውስጥ ምን አስፈራሽ?» ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ የልብ ምት የሚያበርድ ክኒን ገዝቼ እንድውጥ መክራኛለች። ክኒኑን ልውሰድ ወይስ መምህሩ ከፈተናው ነጻ እንዲያደርጉኝ ልለምናቸው? እባክዎ ይምከሩኝ።
(ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት፤ ባነበብሁት ቁጥርም የሚይዘኝ የእናትሽ ጥያቄ ነው። እርሳቸው የጠየቁሽ ሊያደፋፍሩሽ ብለው ቢሆንም፣ የችግርሽ መፍትሔ ያለው ለዚያ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ገበያተኛ መጥታ «ሽንኩርቱ እርጥብ ነው፤ ዋጋውን ቀንሺልኝ» ስትልሽ ዓይንሽ ያለው ሚዛኑ ላይ፣ ሽንኩርቱ ላይና የሴትዮዋ ፊት ላይ ነው። ድምፅሽ እንዴት እንደሚሰማ፣ እጅሽ የት እንዳረፈ፣ ከንፈርሽ ደርቆ እንደሆነ አታስቢም፤ የምታስቢው ሴትዮዋ ሳትገዛ እንዳትሄድ ነው። ክፍል ውስጥ ስምሽ ሲጠራ ግን ዓይንሽ ከአድማጮቹ ላይ ተነሥቶ ወደ ራስሽ ይዞራል፤ «እየተንቀጠቀጥሁ ነው፤ አሁን ሊስቁ ነው» እያልሽ ራስሽን ከውጭ ሆነሽ ትመለከቻለሽ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተናጋሪም የራሱ ተቆጣጣሪም ሊሆን አይችልምና ቃሉ ከአፍሽ ይጠፋል። አንደበትሽ ጤነኛ ነው፤ እንግሊዝኛሽም የጽሑፍ ውጤትሽ እንደሚመሰክረው ደካማ አይደለም። የሚያስቸግርሽ ትኩረትሽ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ይህን ከራሴ ፈጥሬ አልነገርሁሽም። የብሪታንያ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ዴቪድ ክላርክ እና ኤድሪያን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረቡት ማብራሪያ ላይ፣ በሰው ፊት የመቅረብ ፍርሃት እንዳይለቅ የሚያደርጉ ነገሮችን ለይተው አሳይተዋል፤ ሁለቱን ልጥቀስልሽ። አንደኛው አሁን የነገርሁሽ ወደ ራስ መመልከት ነው። ሁለተኛው ሰው ከውርደት ለመዳን ብሎ የሚይዛቸው መደበቂያዎች ናቸው፤ በአንቺ ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ ሦስቱ አሉ። ታምሜአለሁ ብለሽ ቀረሽ፤ እጅሽን ማውጣት ተውሽ፤ አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ጽሑፍ ቃል በቃል እየሸመደድሽ ነው። እያንዳንዱ መደበቂያ ለዚያች ቀን እፎይታ ይሰጣል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቆመሽ ብትናገሪ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለማየት ዕድል ስለማይሰጥሽ፣ የ9ኛ ክፍሏ ያቺ አንዲት ቀን ለሁለት ዓመት ብቸኛ ማስረጃ ሆና ኖረች። ሽምደዳውም ቢሆን የሚጠቅም ይመስላል እንጂ አደገኛ ነው፤ የተሸመደደ ንግግር አንዲት ቃል ከጠፋች የቀረው ሁሉ አብሮ ይጠፋልና።

የልብሽ መደለቅና የአፍሽ መድረቅም ምክንያት አላቸው። አእምሮ አደጋ መጣ ብሎ ሲያምን አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ደም ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፤ ምራቅ ይቀንሳል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል። ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲፈጥን ራስን ያዞራል፤ ጣትንም ይነዝራል። ይህ ሁሉ ሰውነትሽ ለሩጫ ወይም ለትግል ሲዘጋጅ የሚያደርገው ነውና በራሱ ጉዳት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታውም ስም ከመጠራቱ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ዐረፍተ ነገሮች ላይ ነው፤ ሰው መናገሩን ከቀጠለ እየቀለለ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ለብዙ ተማሪዎች ነግሬው እንደጠቀማቸው አይቻለሁ። ኬኔት ሳቪትስኪ እና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ፍርሃታቸው ለአድማጩ በግልጽ የሚታይ ይመስላቸዋል እንጂ አድማጩ የሚያየው እነርሱ ከሚገምቱት በጣም ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚያም አልፈው ለአንዳንዶቹ ተናጋሪዎች ይህንኑ እውነት አስቀድመው ነገሯቸው። የተነገራቸው ሰዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ተናገሩ፤ የተሻሉ መሆናቸውንም የመሰከሩት እነርሱ ራሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አድማጮቻቸውም ጭምር ናቸው። ደረትሽ ውስጥ እንደ ከበሮ የሚመታው ልብ ሦስተኛው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ልጅ አይሰማውም። እርሱም የራሱን ተራ እየጠበቀ በራሱ ልብ የተጠመደ ነው።

ፍርሃቱን የሚያከብደው አስተዳደጋችንም ጭምር ይመስለኛል። ጨዋ ልጅ በታላላቆች ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፤ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ «ዝም አይነቅዝም» ሲባልም እየሰማ ያድጋል። ይሉኝታ የኑሯችን ጌጥ መሆኑን አልቃወምም፤ ነገር ግን 16 ዓመት ሙሉ ዓይንሽን እንድትሰብሪ ተነግሮሽ ሲያበቃ በአንድ ቀን መምህሩን ቀና ብለሽ እያየሽ ተናገሪ ስትባዪ ግር ቢልሽ አያስደንቅም። መምህሩን ዓይን ለዓይን ማየት የሚከብድሽ ከሆነ ግንባራቸውን ወይም ከኋላ የተቀመጡትን ሁለት ጓደኞችሽን ተመልከቺ። ደግሞም ከዝምታው ጎን ሌላ ልማድ እንዳለን አትርሺ። በቅኔ ጉባኤ ቤት ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲደርስ፣ ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ያቀናሉ፤ ተማሪው ሲታረም ይውላል እንጂ ፍርሃቱ እስኪጠፋለት ድረስ ከነገራ አይቀርም። መድኃኒቱ በየዕለቱ መደጋገሙ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ «ግሎባላይዜሽን»ን ተዪው። ርዕስሽ ሽንኩርት ይሁን። እየቀለድሁ አይደለም። እርጥቡ ከደረቁ በምን እንደሚለይ፣ በክረምት ዋጋው ለምን እንደሚወጣ፣ የተበላሸ አንድ ራስ ሽንኩርት ኬሻውን ሁሉ እንዴት እንደሚያበላሽ፣ ዋጋ ቀንሺ የሚል ደንበኛ በምን እንደሚሸነፍ ከክፍልሽ ተማሪዎች ሁሉ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የምታውቂውን ስትናገሪ ቃል ቢጠፋሽ በሌላ ቃል ትተኪዋለሽ፤ መምህሩ ጥያቄ ቢያቀርቡልሽም መልሱ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራስሽ ሕይወት ይመጣል። ጽሑፉን በሙሉ አትጻፊው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን ብቻ አጥንተሽ ያዢ፤ የመካከሉን በአምስት ቁልፍ ቃላት ትንሽ ወረቀት ላይ አስፍሪው። መክፈቻው እንደ ውኃ የሚፈስልሽ ከሆነ ያቺን ከባዷን የመጀመሪያ ደቂቃ ትሻገሪያታለሽ።

ከዚያ በኋላ ልምምዱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂድ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ብቻሽን፣ ነገር ግን ቆመሽና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪ፤ በልብ ማሰላሰል ልምምድ አይባልም። ቀጥሎ እናትሽ ቡና ሲያፈሉ፣ ጎረቤቶችም ባሉበት፣ መጀመሪያ በአማርኛ ከዚያም በእንግሊዝኛ ንገሪያቸው፤ እንግሊዝኛውን ባይሰሙም ፊታቸው ይበቃሻል። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ከዚያም አምስት የክፍል ጓደኞችሽን ሰብስበሽ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ፊት ቁሚ። ትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ ካለው በዕረፍት ሰዓት አንድ አጭር ማስታወቂያ እንድታነቢ ጠይቂ፤ ከማይክሮፎን ጀርባ ፊት አይታይምና ለአንቺ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ በማንኛውም ትምህርት በየቀኑ አንድ ጊዜ እጅሽን አውጪ፤ ጥያቄ ብቻ ቢሆንም ይበቃል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ፍርሃቱ ይመጣል፤ እስኪቀንስ ድረስ እዚያው ቆዪ እንጂ ሲብስ አታቋርጪ። ስታቋርጪ አእምሮሽ የሚማረው ማምለጥን ነው።

ስለ መምህሩ ቁርጥ ያለ አሳቤን ልንገርሽ፦ ነጻ እንዲያደርጉሽ አትለምኛቸው። ይህን የምልሽ ስለ 15ቱ ነጥብ አይደለም። ዛሬ ነጻ ብትባዪ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የክፍል ገለጻው፣ ስትመረቂ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያው፣ ከዚያም የሥራ ቃለ መጠይቁ ይጠብቅሻል፤ ያኔ መደበቂያው እየጠበበ ፍርሃቱ እየሰፋ ይሄዳል። ይልቅስ ከፈተናው ቀን አስቀድመሽ በዕረፍት ሰዓት ብቻቸውን አግኝተሽ «ቲቸር፣ መናገር በጣም ያስፈራኛል፤ መቅረት ግን አልፈልግም» ብለሽ እውነቱን ንገሪያቸው። ከመጀመሪያዎቹ ተናጋሪዎች መካከል እንዲያደርጉሽ፣ ስሕተት ቢኖርሽ ከጨረስሽ በኋላ እንዲያርሙሽ፣ ከተቻለም አስቀድመሽ በጥቂት ተማሪዎች ፊት እንድትሞክሪ እንዲፈቅዱልሽ ጠይቂ። የመጀመሪያዎቹ መካከል የምልሽ ተራ መጠበቁ ከመናገሩ የሚከብድ ስለሆነ ነው።

መምህራንም ይህን ዓምድ ስለሚያነቡ አንድ በደሌን እዚህ ልናገር። ወደዚህ ሙያ ከመግባቴ በፊት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ገና በጀመርሁበት ዓመት አንድ ተማሪ ሲናገር በየዐረፍተ ነገሩ እያቋረጥሁ አረምሁት፤ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ዝም አላሰኘሁም። ልጁ ተቀመጠ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድምፁን አልሰማሁም። ያን ጊዜ ያስተማርሁት መስሎኝ ነበር። ንግግሩ መሐል ገብተው ሲያርሙት ልጅ የሚያስታውሰው እርማቱን ሳይሆን ሳቁን ነው፤ ከ«ዲተርማይን»ም ለአንቺ የቀረሽ ይኸው ሳቅ ነው። ቃሉ ሲጻፍና ሲነበብ የማይገጥም በመሆኑ በዚህ የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው፤ የሳቁብሽም ልጆች ምናልባት ትክክለኛውን ያወቁት የዚያን ዕለት ነው።

ክኒኑን አትውሰጂ። ጓደኛሽ የነገረችሽ ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። የልብን ምት በእርግጥ ይቀንሳል፤ ሐኪሞችም ለአንዳንድ ሰዎች ያዝዙታል። ነገር ግን አስም ላለበት ሰው ከባድ አደጋ ነው፤ የደም ግፊትንም ዝቅ ስለሚያደርግ ሐኪም ሳያይሽ የሚዋጥ አይደለም። በፈተና ሰሞን ንቁ ያደርጋል እየተባለ የሚቃመው ጫትም ልብን የሚያስደልቅና ጭንቀትን የሚያባብስ ነው። የፈተናው ዕለት ጠዋት ቡናውን እንኳ ቀነስ አድርጊ፤ ቁርስ ብዪ፤ ውኃ ያዢ።

ሦስቱን ሳምንት ተለማምደሽም ፍርሃቱ ካልበረደ፣ ወይም በሰው ፊት መብላትን፣ ስልክ ማንሣትንና ከሰው ጋር መገናኘትን ጭምር የሚያሸሽሽ ከሆነና ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ ከሆነ ከዓይነ አፋርነት ያለፈ ማኅበራዊ ጭንቀት የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ከባለሙያ ጋር በመነጋገር በሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ሲያስፈልግም በመድኃኒት ይታከማል። ከእናትሽ ጋር ሆነሽ ወደ ሆስፒታል ሂዱና የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እንዲያይሽ ጠይቁ።

የፈተናው ዕለት ስምሽ ሲጠራ ከመነሣትሽ በፊት ትንፋሽሽን በአፍንጫሽ አስገቢና ከገባበት ጊዜ በረዘመ ጊዜ ቀስ አድርገሽ አስወጪ፤ ሦስት ጊዜ ብታደርጊው ይበቃል። ሰሌዳው ፊት ደርሰሽ ወዲያው አትጀምሪ፤ ወረቀትሽን አስቀምጪ፤ አንድ ሰው ተመልከቺ፤ ከዚያ ጀምሪ። እጅሽ ቢንቀጠቀጥ ይንቀጥቀጥ፤ ልታስቆሚው አትታገዪ። አሳብ ቢጠፋሽ «ሌት ሚ ስታርት አጌን» ብለሽ ከቁልፍ ቃልሽ ቀጥዪ፤ ይህንንም ዐረፍተ ነገር ከወዲሁ ተለማመጂው። ስትጨርሺና ወደ ወንበርሽ ስትመለሺ አእምሮሽ ስሕተትሽን አንድ በአንድ እየለቀመ ማታውን ሙሉ ሊያሳይሽ ይሞክራል። ያን ማታ ጓደኛሽን «ስንቀጠቀጥ ታየሽ?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ «ጥሩ ሽንኩርት በምን ይለያል አልሁ?» ብለሽ ጠይቂያት።