ሞተሩ ሳይቆም ሳህኑ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ባህር ዳር ጣና ዳር አንድ ጁስ ማሸጊያ ቤት ነው የምሰራው። ኩባያ የሚይዘው ክብ ሳህን ዞር ይልና ይቆማል፣ ሞተሩ ግን ሳያቋርጥ ይዞራል፣ ሴንሰር ይሆናል ብዬ ስከፍተው መስቀል የመሰለ ብረት ብቻ አገኘሁ፣ ምንድነው? ሰሞኑን ደግሞ ቀጭ ቀጭ ይላል።

መልስ፦ ጄኔቫ ዊል ነው ያየኸው ወንድሜ፣ የማልታ መስቀልም ይሉታል፣ ስሙ ከጄኔቫ ሰዓት ሰሪዎች የመጣ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ዲስክ ላይ ያለችው ፒን (አጭር ዘንግ) በየዙሩ መስቀሉ ላይ ካሉት ስንጥቆች አንዱ ውስጥ ገብታ መስቀሉን ገፍታ ትወጣለች፣ ስንጥቁ አራት ከሆነ መስቀሉ ከነሳህኑ 90 ዲግሪ ዞረ ማለት ነው፣ ቀሪውን 270 ዲግሪ ፒኗ ብቻዋን ስትዞር እሱ ዝም፣ እንዳይላወስም የፒኗ ዲስክ መስቀሉ ጎን ላይ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ገጥሞ ይቆልፈዋል። ሩብ ጉዞ፣ ሶስት ሩብ እረፍት፣ ልክ ተራ እንደሚጠብቅ ባጃጅ። የድሮ ሲኒማ ፕሮጀክተርም ፊልሙን በሴኮንድ 24 ጊዜ እየሳበ የሚያቆመው በዚሁ ነው፣ እኔማ ከዚህ የሚያምር ብረት አላየሁም።

ድምፁ ፒኗ ወይ ስንጥቁ ተበልቶ ይሆናል። ማሽኑን ከመብራት ንቀልና ሳህኑ በቆመበት በእጅህ ነቅነቅ አድርገው፣ በጣም ከተላወሰ ግሪስ ብቻ አያድነውም፣ ቶርኖ ቤት ውሰደው።