ከበርገን ዝናብ እስከ ጣና ዳርቻ፦ ስለ ወንጀል ልብ ወለድ ለጠየቃችሁን

«የስካንዲኔቪያ የወንጀል ልብ ወለዶችን አንድ በአንድ እያሳደድኩ አነባለሁ። መርማሪው ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፖሊስ ነው። የግል መርማሪው የት ጠፋ? በረዶ አይቼ የማላውቀውን ሰውስ ይህን ያህል የሚስበኝ ምኑ ነው?»
አንባቢ፣ ከሽምብጥ

ልክ ታዝበዋል። መንገዱን የቀየሱት ስዊድናውያኑ ጥንዶች ማይ ሼቫል እና ፔር ቫሎ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 በጻፏቸው 10 መጻሕፍት ውስጥ ዋናው ሰው የስቶክሆልም ፖሊስ ነው። ምክንያት አለው። በዚያ አገር መንግሥት ዜጋውን ከልደቱ እስከ ቀብሩ እንደሚንከባከብ ቃል ገብቷል። ስለዚህ ሬሳ ሲገኝ ጸሐፊው ራሱን መንግሥትን ሊመረምር ይነሣል፤ ለዚህ ደግሞ ከውስጥ ያለ ሰው ያስፈልገዋል።

የግል መርማሪ በዚያ ምድር ላይ እንዲቆም የተለየ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ኖርዌጂያዊው ጉናር ስታሌሰን ያንን ምክንያት አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረው ቫርግ ቬኡም የተባለ ገጸ ባሕርዩ በርገን ከተማ ውስጥ ቢሮ ከመክፈቱ በፊት የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኛ ነበር። መዝገቡ የዘለለውን ልጅ፣ ማንም ተመልሶ ያላንኳኳውን በር ያውቃል። ስሙም የተወሰደው በተቀደሰ ስፍራ ላይ ደም አፍስሶ ከሕግ ጥላ የወጣን ሰው «የመቅደስ ተኩላ» ከሚለው የጥንት ኖርዲክ አባባል ነው። እኛን የሚስበንም እዚህ ላይ ይመስለናል፤ «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ ቀስ እያለ «ማን እያወቀ ዝም አለ?» ወደሚለው ይዞራል። ይህን ጥያቄ ለመረዳት በረዶ ማየት አያስፈልግም።

ደግሞም በርገን የሚታወቀው በዝናቡ ነው። በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይጥልበታል፤ በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት አይሞላም። የሐምሌን ሰማይ ዐሥራ ሁለት ወር ሙሉ ያስቡት።

«ከየትኛው ልጀምር?»
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

የቬኡምን ታሪኮች በእንግሊዝኛ ካገኙ የተተረጎሙበት ቅደም ተከተል ከተጻፉበት ጋር ስለማይገጥም ሽፋኑን ገልጠው የመጀመሪያውን የኅትመት ዓመት ይመልከቱ። የሼቫልና የቫሎን ዐሥሩን ግን በተርታ ያንብቡ፤ ሰዎቹ ያረጃሉ፣ ትዳራቸው ይናጋል፣ ዘልለው ከገቡ ይህ ሁሉ ያመልጥዎታል። ስዊድናዊው ሄኒንግ ማንኬል እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው መርማሪ ፖሊስ የሚሠራው ኢስታድ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ቶሎ ይቀርባል።

«በዘጌና በባሕር ዳር መካከል የሚካሄድ የግል መርማሪ ታሪክ ጀምሬ 40ኛው ገጽ ላይ ቆምኩ። መርማሪዬ ይጠይቃል፣ ሁሉም ይመልስለታል፤ ታሪኩ ግን ነፍስ የለውም።»
ጀማሪ ጸሐፊ፣ ከዘጌ

ነፍሱን የወሰደው ሁሉም መመለሱ ነው። ፖሊስ መጥሪያ አለው፤ የእርስዎ ሰው ምንም የለውም። እያንዳንዱን ንግግር ከመጻፍዎ በፊት ሁለት መስመር ያስፍሩ፦ ይህ ሰው ለምን ያስገባዋል? ቢነግረው ምን ይጠቀማል፣ ወይስ ምን ይጎዳል? ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ትዕይንቱን ይሰርዙት።

በእኛ አገር ለጠያቂ ከሁሉ የተሻለው በር ለቅሶ ቤት ነው፤ የገባውን ማንም «ለምን መጣህ?» አይለውም። ቀብር ላይ ሳይታይ በሠልስቱ ብቅ ያለ ሰው ግን ዐይን ይበዛበታል። ቡናው ሳይቀዳ «ሟችን በምን ታውቃቸዋለህ?» መባሉ አይቀርምና መልሱን አስቀድመው ያዘጋጁለት፤ ውሸት ከሆነም ኋላ ላይ የሚያስከፍለው ውሸት ይሁን።

የሚጠጣና ብቻውን የሚያድር መርማሪ ከውጭ አያስመጡ። የዘጌ ሰው ችግሩ ብቸኝነት አይደለም፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በድሮው አውጫጭኝ አገሩ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ አይበተንም ነበር፤ የሚያውቀውም ስሙን ደብቆ «ወፍ ነገረኝ» በሚለው ተጠልሎ ይናገር ነበር። የእርስዎ መርማሪ ወፎቹ የሚያርፉበት ሰው ቢሆንስ?

ሐይቁንም ያሠሩት። ጣና መስከረም ላይ ይሞላል፣ እስከ ሰኔ ይወርዳል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። በፎገራና በደምቢያ በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ውኃው ርቆ ይሸሻል፣ ገበሬውም እየተከተለ ይዘራል። በመስከረም ዳር ላይ የተጣለ ነገር በሚያዝያ ማሳ ላይ ይገኛል፤ በነጻ ያገኙት የሰባት ወር ዝምታ ነው።

ታንኳም ይመሰክራል። የተሠራበት ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ የዋለበት ታንኳ ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል። ባለቤቱ «ከትናንት ወዲያ አልነካሁትም» እያለ ጎሕ ሲቀድ ከብዶ ከተገኘ፣ ከሦስት ሰው ምስክርነት ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ግን ማንንም በዚያ ሰዓት በታንኳ በዝግታ አያሻግሩ፤ ሐይቁን የሚያውቅ አንባቢ እዚያው ላይ መጽሐፉን ይዘጋል። በሌሊት ሞተር ጀልባ ካስነሡም ድምፁን የሰማ ሰው መኖር አለበት።

መርማሪዋ ሴት ከሆነች ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የሐይቁ ደሴት ገዳማት አያስገቧትም። ይህን እንደ እንቅፋት አይዩት። ከወደቡ እንደማታልፍ የሚያውቅ አንድ ሰው መደበቂያውን በዚያው ልክ መርጦ ይሆናል፤ እሷም ጀልባው ውስጥ ተቀምጣ የሚወጣውንና የሚገባውን ስትቆጥር ውላ ከገቡት ሁሉ የበለጠ ታያለች።

አሁን ወደ 40ኛው ገጽ ይመለሱ። እስካሁን ከመለሱት መካከል ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀውን ሰው ይምረጡና የተናገረውን በሙሉ ያጥፉ። ዝም ያለበትን ምክንያት በሌላ ወረቀት ጽፈው ያስቀምጡ፤ ወረቀቱን እስከ 200ኛው ገጽ ድረስ ለመርማሪዎ አያሳዩት።