ለአማርኛ ግጥም ዜማ ለምትደርሱ ወጣት ድምፃውያን

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ራሳችሁ እየዘፈናችሁ ራሳችሁ ለምትደርሱ፣ አርት ሶንግን (ለግጥም የተደረሰ፣ ብዙውን ጊዜ በፒያኖ የሚታጀብ ዜማ) እና ኦፔራን በአማርኛ ለምትሞክሩ ነው። ፒያኖው ጋር ከመቀመጣችሁ በፊት ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ አንድ ጊዜ አይበቃም። ድምፃችሁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚያርፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ያናቼክ ሰዎች ሲነጋገሩ የሚሰማውን የድምፅ ውጣ ውረድ በኖታ ይመዘግብ ነበር። በ1904 ብርኖ ከተማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን ኦፔራውን «የኑፋ»ን ስታደምጡ፣ ቼክኛ ባታውቁ እንኳ ሰው እየተናገረ መሆኑ ይሰማችኋል።

የአማርኛ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ጥብቀት ላይ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። አንባቢ በልማድ ያውቀዋል፤ ዘፋኝ ግን ከኖታው ማግኘት አለበት። «ገና» ላልቶ «እስካሁን» ነው፣ ጠብቆ በዓሉ ነው። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አስቀምጡ፤ ከዚያ ጊዜ ስጡት። ጊዜው የሚወሰደው ከቀደመው አናባቢ ነው። «ገ» አንድ ሩብ ኖታ ከያዘ፣ ሁለት ሦስተኛውን አናባቢው ይዘፈን፤ በቀረው «ን» በዚያው ከፍታ ላይ ተይዞ ይቆይ፤ «ና» በሚቀጥለው ኖታ ይከፈት። «ን»ን ዘግይታችሁ ከሁለተኛው ኖታ ጋር ብቻ ካመጣችሁት አድማጭ የሚሰማው የላላውን ነው።

መ፣ ነ፣ ለ ሲጠብቁ ዜማው አይቋረጥም። ተ እና ከ ሲጠብቁ ግን ትንሽ ዝምታ ይፈጠራል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ ደግሞ ጉሮሮን ስለሚዘጉ መስመሩን ፈጽሞ ይቆርጡታል። «ቀጠረ» በሚለው ቃል ላይ ረጅም ሌጋቶ (ሳይቋረጥ ተያይዞ የሚዘፈን መስመር) ከጻፋችሁ ዘፋኟ ወይ ሌጋቶውን ትጥላለች፣ ወይ ቃሉን ታላላዋለች። ከ«ጠ» በፊት የአንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ ዕረፍት ራሳችሁ ጻፉላት። ከእነዚህ ድምፆች በአንዱ የሚጀምር ቃልም በጣም ከፍ ባለና በለሰለሰ ኖታ ላይ አታስጀምሩ፤ የተዘጋው ጉሮሮ ሲከፈት ድምፁ ይፈነዳል።

ፊደል ቆጥራችሁም ኖታ አትደርድሩ። «ብርሃን» አራት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ሁለት ነው፦ ብር፣ ሃን። ለአራቱም ኖታ የሰጠ ደራሲ ዘፋኙን የሌለ አናባቢ እንዲፈጥር ያስገድደዋል። ረጅም ኖታ የሚያምርበት በራብዕና በሳብዕ ላይ ነው። ሳድስ ሲረዝም ወደ «ኧ» ወይም ወደ «ኢ» ይንሸራተታል፤ «ልብ»ን ስምንት ምት አስይዛችሁ ብትሰሙት ይገባችኋል።

ስለ ከፍታ የአካል ሕግ አለ፣ በልምምድ አይሻርም። የ«ኢ» የመጀመሪያው የአፍ ማስተጋቢያ 300 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሶፕራኖ (የከፍተኛዋ ሴት ድምፅ) ከፍተኛው ላ 880 ኸርዝ ነው። እዚያ ላይ ኖታው ከማስተጋቢያው በላይ ስለሚወጣ «ኢ»ም «ኡ»ም ወደ «አ» ይጠጋሉ፣ ቃሉም ይጠፋል። ታሪኩን የሚሸከመውን ቃል በመካከለኛው ኦክታቭ አስቀምጡት፤ ከፍታው ላይ አድማጩ አስቀድሞ የሰማውን ቃል ድገሙ፣ ወይም ቃል አልባ አድርጉት። ሜሬዲት መንክ በ1991 ሂውስተን ላይ ያቀረበችው «አትላስ» ኦፔራ ቃል እጅግ ጥቂት ነው ያለው፤ የሚተርከው ራሱ ድምፁ ነው። እሷም ዘፋኝም ደራሲም ናት፤ ምን እንደሚቻል ከጉሮሮዋ ተምራለች።

ትንፋሹን በሰዓት ለኩት። በሜትሮኖም 60 (በደቂቃ 60 ምት) አራት ባለ አራት ምት መስመሮች 16 ሰከንድ ናቸው፤ ድምፁ ሲጎላ ይህ ለብዙዎች ይረዝማል። ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ጻፉ፣ መተንፈሻውንም ምልክት አድርጉ።

ፒያኖው ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይከተል። የአንቺሆዬ ቅኝት ክፍተቶች በድምፅ ሲዜሙ ከቁልፎቹ ጋር ልክ ለልክ አይገጥሙም፤ አብረው ሲመቱ ዘፋኙ የተሳሳተ ይመስላል። ዘፋኙ በሚያርፍበት ፒያኖው ይመልስለት። ማሲንቆ ስትጨምሩም እንደዚያው ነው። አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር አብሮ ሲሄድ ያምራል፤ ግጥሙ ለአድማጭ አዲስ ሲሆን ግን ማሲንቆው ከድምፁ ጋር በአንድ የድምፅ ከፍታ ስለሚገናኝ ቃሉን ይሸፍነዋል።

ስትጨርሱ ግጥሙን አይቶት ለማያውቅ ሰው ዘፍናችሁ የሰማውን እንዲጽፍ አድርጉ። ባላገኘው ቃል አጠገብ ያለውን ኖታ ቀይሩ እንጂ «አጥርተሽ ጥሪ» ብላችሁ ዘፋኟን አታስጨንቁ።

የገጣሚውን ፈቃድ ደግሞ ከመጀመሪያው ኖታ በፊት በጽሑፍ ያዙ። በኢትዮጵያ ሕግ መብቱ ገጣሚው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል፤ በሕይወት ከሌለ ወራሾቹን ፈልጉ።