ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ

ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ይህን የምጽፈው በየሱቁ ካቻቢቴ ይዛችሁ ለተቀመጣችሁ፣ ሙያውን ገና ለምትጀምሩ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ሃያ ዓመት አልፎኛል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሬ ዊንዶውስ 11 ላይ ደርሻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራችንን ሲያበላሽ ያየሁት ጥድፊያ ነው። ደንበኛው «አልነሳ አለኝ» ብሎ ሳይጨርስ ዊንዶውስ መጫኛ ያለበትን ፍላሽ እንሰካለን። «ፎርማት ይደረጋል፣ ነገ ከሰዓት ና» እንለዋለን። ፎርማት ማለት ደግሞ ዲስኩ ላይ ያለውን ማጥፋት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አንጠይቅም። መቼ እንደጀመረው አንጠይቅም።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከአዘዞ መጣ። ዝናብ ስለነበር ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ አቅፎታል። የመመረቂያ ጽሑፉ ውስጡ ነው።

«ጋሼ፣ ሦስት ቦታ ወስጄው ነበር። ዊንዶውስ አልጫንም አለ። ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ አሉኝ» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

«ቁጭ በል» አልኩት። «ጽሑፉ የት ላይ ነው ያለው?»

«ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ። ዊንዶውስ ያለበትን ሲን ብቻ ነው ፎርማት ያደረጉት።»

«ሲጭኑት የት ላይ ቆመ?»

ልጁ አጠገባቸው ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል ሲያይ ነበርና ሁሉንም ያስታውሳል። አንደኛው ጋ 20 ፐርሰንት አካባቢ ቆመ። ሁለተኛው ጋ 60 አልፎ «ፋይሉ ተበላሽቷል» አለ። ሦስተኛው ጋ ገና ሲጀምር ስክሪኑ ሰማያዊ የስህተት ገጽ አሳየ። ሦስቱም በየራሳቸው ፍላሽ ነው የሞከሩት።

ይህን ስሰማ ገና ክዳኑን አልከፈትኩም። ግን የት መጀመር እንዳለብኝ አውቄዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጭነቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ፍላሹን፣ ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል ወይም ሃርድ ዲስኩን ጠርጥሩ። በየጊዜው የሚቆምበት ቦታ ከተለያየ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ ነው። ከፍላሹ ወደ ዲስኩ የሚሄደው ፋይል ሁሉ በራም በኩል ነው የሚያልፈው። ራሙ አንድ ቦታ ላይ ከታመመ ያ ቦታ ዛሬ ይህን ፋይል ያበላሻል፣ ነገ ሌላውን።

ከፈትነው። ባለ 4 ጊጋባይት ሁለት ራም አለው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሁለቱንም አወጣ፤ የወርቅማውን ጥርስ በላጲስ ቀስ ብሎ ጠረገ። አንዱን ብቻ መለሰና ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ሳይጫን ከፍላሽ የሚሠራ ሥርዓት) ባለበት ፍላሽ አስነሳው። ተነሳ። ወዲያው ዊንዶውስ ወደ መጫን አልሄድንም። መጀመሪያ ዲ ላይ ያለውን ጽሑፍ በልጁ ፍላሽ ገለበጥን፤ በሌላ ኮምፒውተር ከፍተን ራሱ ገጾቹን እንዲያያቸው አደረግን። ከዚያ በኋላ ነው የጫንነው። ያለምንም ችግር እስከ 100 ሄደ። ሌላኛውን ራም ብቻውን አድርገን ስንሞክረው ተንጠለጠለ። በላጲስ ደግመን ጠረግነው፤ ያው ነው። ማዘርቦርዱ ግን ደህና ነበር።

ልጆቼ፣ እዚያ ያደረሰን ልዩ መሣሪያ የለም። «የት ላይ ቆመ?» የሚል ጥያቄ ነው።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅኩበትን ቀን ልንገራችሁ።

ዊንዶውስ 7 አዲስ በመጣ ሰሞን ነው። አንድ የኔታ ኮምፒውተራቸውን በባጃጅ ጭነው አመጡ። እንደምታውቁት ከተማችን የአቋቋምና የትርጓሜ አገር ናት። እሳቸውም ከመምህራቸው በቃል የተማሩትን ትርጓሜ፣ ማታ ማታ በሁለት ጣት እየጻፉ ለደቀ መዛሙርቶቻቸው ሊያቆዩት ጀምረው ነበር። ይህን ግን በኋላ ነው የሰማሁት። በዚያ ቀን የሰማሁት «ልጄ፣ ሰማያዊ እያሳየ ይጠፋል፤ አልነሳ አለኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ዊንዶውስ ጫንኩ። ሰዓቱን ላስተካክል ስል ቀኑ እ.ኤ.አ. 2002 ይላል። አስተካከልኩትና አለፍኩት።

የኔታ በማግስቱ መጡ። እንደበራ አይተው ደስ አላቸው፤ መረቁኝም። ከዚያ ቀስ ብለው ቁጭ አሉና ማውሱን ያዙ። ጽሑፋቸው የነበረበትን ቦታ ከፈቱ። ባዶ ነው። ዘጉና ደግመው ከፈቱ።

«ጽሑፌስ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ሁለት ሌሊት ሞከርኩ። አዲሱ ዊንዶውስ በላዩ ላይ ስለተጻፈ የተገኘው ቁርጥራጭ ነው። አልተቆጡኝም። ሒሳቡን ከፍለው ሄዱ። እምቢ ብላቸው «ሠርተሃል» ብለው ጠረጴዛው ላይ ትተውት ነው የወጡት።

ከወራት በኋላ እንደዚያው ሰማያዊ እያሳየ የሚጠፋ ሌላ ዴስክቶፕ መጣ። ቀኑ እንደዚያው ወደ ኋላ ሄዷል። በዚህኛው ግን ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገብቼ አየሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ያህል ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት ናት። እሷ ስታልቅ መብራት በሄደ ቁጥር ባዮሱ ማስተካከያውን ሁሉ ይረሳል። ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበት ሁኔታ ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ተቀይሯል። ዊንዶውሱ ደግሞ የተጫነው በኤኤችሲአይ ነው፤ ስለዚህ ዲስኩን ማግኘት አቅቶት ይወድቃል። ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ወደ ነበረበት መለስኩ። ዊንዶውሱ ከነሙሉ ፋይሉ ተነሳ።

ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ስለዚህ አልነሳም ያለ ኮምፒውተር ሲመጣላችሁ፣ በተለይ መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት፣ ቀኑን እዩ። ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ዊንዶውሱን ከመንካታችሁ በፊት ባዮሱን ክፈቱ። የተረሳ ፍላሽ ተሰክቶ እንደሆነም አረጋግጡ፤ በዚህ ብቻ ስንቱ ፎርማት ሆኗል። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ ራሙን አውጥታችሁ መልሱት። እነዚህ አምስት ደቂቃ አይፈጁም።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አጥፉት። ዊንዶውስ አትጫኑበት፤ «ቼክ ዲስክ» እያላችሁ አታስጨንቁት። እየሠራ በቆየ ቁጥር የባሰ ይጎዳል። ባለቤቱን «በጣም የሚያስፈልግህ የትኛው ነው?» በሉትና ከአቅማችሁ በላይ ካልሆነ መጀመሪያ እሱን አውጡ። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ደግሞ አልችልም በሉ። አልችልም ማለት ነውር የለውም።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ የምትሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ ወዲህ ባሉት ብዙዎቹ ላይ፣ ዊንዶውስ ልትጭኑ ስትሉ ዲስኩ ጭራሽ አይታይም። «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» ብላችሁ አዲስ አታስገዙ። ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል አሠራር ነው ዲስኩን የሚሸፍነው። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የስቶሬጁን ድራይቨር (ዊንዶውስ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም) አውርዳችሁ፣ ዚፑን ፈትታችሁ ፍላሹ ላይ አድርጉት። ከዚያ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ስትጫኑና ስትመርጡት ዲስኩ ብቅ ይላል።

«ዲስኩ ጂፒቲ ስለሆነ መጫን አይቻልም» የሚለውም ሌላው ወጥመድ ነው። ጂፒቲ ዲስኩ የተከፋፈለበት አዲሱ ዘዴ ነው። ብዙዎቻችሁ ወዲያው ትእዛዝ መጻፊያውን ከፍታችሁ ዲስኩን «ክሊን» ታደርጉታላችሁ። በአንድ ቃል ሲም ዲም ይጠፋል። እንዲህ የሚለው ፍላሹ በድሮው በሌጋሲ መንገድ ስለተነሳ ነው። እንደገና አስነሱትና ከምርጫው ላይ አዲሱን መንገድ፣ ዩኢኤፍአይ የሚለውን ያዙ። ምንም ሳይጠፋ ያልፋል።

ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ፣ ቢትሎከር፣ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ የሚጠይቅ ከሆነም ቁልፉ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል። በትዕግሥት አብራችሁ ፈልጉት።

ስለ ዊንዶውስ 10 በየቀኑ ትጠየቃላችሁ። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ይህ የላቸውም። አስገድዶ የመጫን ዘዴ እንዳለ አውቃለሁ። ከሠራችሁትም ለባለቤቱ ንገሩት። ደብቃችሁ አትስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በኛ አገር ስለሚያጋጥም። ዊንዶውስ ከጫናችሁ በኋላ ደንበኛው የድሮ የአማርኛ ጽሑፉን ሲከፍት ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይታየዋል። «ፋይሌን አበላሻችሁት» ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ተጽፎ ፎንቱ ስለሌለ ነው። ፎንቱን ጫኑለት፤ አማርኛው ይመለሳል። እኔ ከመጫኔ በፊት «አማርኛ በምንድን ነው የምትጽፉት?» እላለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ባለ መስመር ደብተር አለ። ማንም ኮምፒውተር ይዞ ሲመጣ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ካቻቢቴ ከማንሳታቸው በፊት ሦስት ነገር ይጽፉበታል። ውስጡ ምን አለ? መቼ ጀመረው? ከኛ በፊት ማን ነካው? መልሱ ከሥሩ ይሰፍራል። መጀመሪያ ላይ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ጊዜ ይፈጃል» ብለው ነበር። ከአዘዞው ልጅ ወዲህ ግን ሳልነግራቸው ነው የሚጽፉት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ቀዝቀዝ ይላል። መለማመድ የምትፈልጉ ብቅ በሉ። የዚያን ልጅ የታመመ ራም አልጣልኩትም። ከደህና ራሞች ጋር ቀላቅዬ እሰጣችኋለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ።