የጥብስ ቅጠል በኮትቻ አፈር ላይ፦ ከአደአ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የምኖረው ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ በአደአ ነው፤ መሬታችን ጥቁር ኮትቻ ነው። ባለፈው ሐምሌ ሦስት የጥብስ ቅጠል ችግኞች ገዝቼ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ የእጣቢ ውሃ በሚፈስበት በኩል ተከልኋቸው፤ ፍግም በብዛት አደረግሁላቸው። ሁለቱ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ደረቁ። ሦስተኛው፣ ቤቱ ሲሠራ የተራረፈው ድንጋይና ጠጠር ባለበት ጥግ የተተከለው፣ ተርፏል፤ ነገር ግን ቀጥኖ ወደ ላይ ብቻ ይረዝማል። ጎረቤቶቼ ለፀጉርና ለደም ግፊት ፍቱን ነው ይሉኛል፤ እናቴ የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ስለሆነ አፍልቼ ላጠጣት አስቤአለሁ። እንዴት ላብዛው? ለእናቴስ መስጠቱ ይበጃል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ የተከሉበትን ቦታና ጊዜ ለይተው ስለጻፉልኝ ሁለቱ ችግኞች የሞቱበትን ምክንያት ለመረዳት አልተቸገርሁም። የገደላቸው እንክብካቤ ማጣት ሳይሆን የውሃ ብዛት ነው። ሐምሌ ላይ ኮትቻ ጠግቦ ውሃውን አላሳልፍ ሲል፣ በዚያ ላይ የቆርቆሮው ጠፈጠፍና እጣቢው ሲጨመርበት፣ በአፈሩ ውስጥ አየር የሚባል ነገር አይቀርም፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቅጠሉ ጠውልጎ ሲያይ ሌላ ውሃ ያጠጣዋል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲያዩ ውሃ ከመጨመርዎ በፊት አፈሩን ጫር አድርገው ሥሩን ይመልከቱ፤ ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከላላና ክፉ ሽታ ካለው ግን የሚያስፈልገው ውሃ ሳይሆን ማንጣፈፍ ነው። ሦስተኛውን ያተረፈው ደግሞ ጠጠሩ ነው። ቀጥኖ መርዘሙ ከግድግዳው ጥላ ለመውጣት ፀሐይ በመፈለጉ የመጣ ነው።

ይህ ተክል፣ በአንዳንድ አካባቢ የሥጋ መጥበሻ፣ በገበያ ደግሞ ሮዝመሪ የሚባለው፣ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ተወላጅ ሲሆን በተፈጥሮው የሚበቅለው ድንጋያማና ለምነቱ አነስተኛ በሆነ ገደላማ መሬት ላይ ነው። የበሶብላ፣ የጦስኝና የዳማከሴ ዘመድ ነው። መርፌ የመሰለው ጠባብ ቅጠሉ ውሃን ቆጥቦ ለመያዝ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ደረቅ አየርን፣ ብርቱ ፀሐይንና የሌሊት ብርድን በሚገባ ይችላል። የማይችለው እርጥበት የሚተኛበትን መሬት ነው።

ይህንን ጠባይ እርስዎ ከሽምብራ ጋር አስተያይተው ቢያዩት ወዲያው ይገባዎታል። በአካባቢያችሁ ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲገታና ኮትቻው ሲጠነፍፍ፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም እንጂ በሐምሌ አይደለም፤ ሰብሉ የቀረውን እርጥበት እየተጠቀመ ያድጋል። የጥብስ ቅጠልንም በዚሁ ሥርዓት መስከረም ላይ ይትከሉት። ሥሩ በበጋው ወራት ወደ ታች ጠልቆ ከቆየ በኋላ የሚቀጥለውን ክረምት ለመቋቋም አቅም ይኖረዋል። ሆኖም ጊዜውን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ መሬቱንም ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ይሥሩ፤ የመደቡን አፈር ከደረቀ ብስባሽና ከአሸዋ ወይም ግንበኞች ሬድ አሽ ከሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጋር በደንብ ያዋህዱ፤ በጎኑም ውሃው ተጠራቅሞ የሚወጣበት ቦይ ያውጡለት። ቢሾፍቱና ሞጆ ዙሪያ ሬድ አሽ የሚወጣባቸው ጉብታዎች ስላሉ ይህን ጠጠር በቅርብ ማግኘት አያስቸግርዎትም። የመረጡት ቦታ ውሃ ማሳለፍ አለማሳለፉን ለማወቅ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት፤ ከሰረገ በኋላ እንደገና ይሙሉት። ሁለተኛው ውሃ ሳይሰርግ ካደረ ቦታው ያለ ከፍተኛ መደብ ለዚህ ተክል አይሆንም።

መደብ ለመሥራት የማይመች ከሆነ በሸክላ ማሰሮ ወይም ሥሩ በተበሳ አሮጌ ባልዲ ማብቀል ይቻላል። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ተኩል የሚሆን አሸዋ ወይም ደቃቅ ሬድ አሽ ይቀላቅሉ። ብዙ ሰዎች ጠጠሩን ከዕቃው ሥር ብቻ አንጥፈው ከላይ ተራውን አፈር ይሞላሉ፤ ይህ የሚጠበቀውን ጥቅም አይሰጥም፤ ምክንያቱም ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ከጠጠሩ በላይ ተጠራቅሞ ይቆማል። ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ማሰሮውም በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ።

ለማባዛት ዘር መፈለግ አያስፈልግዎትም፤ ዘሩ ለመብቀል ይዘገያል፣ ብዙው ደግሞ ጨርሶ አይበቅልም። አስተማማኙ መንገድ ቁራጭ ነው። ግንቦት ላይ ጤናማ ከሆነ ተክል፣ አበባ ካልያዘ ቅርንጫፍ ጫፍ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ከቅጠል መውጫው አንጓ ሥር በተሳለ ንጹሕ ምላጭ ይቁረጡ። እጅግ ለጋውም ሆነ ፈጽሞ የጠነከረው አይመረጥም፤ ሲያጎብጡት የሚለመጥ፣ ነገር ግን ከታች መጠንከር የጀመረው ነው ጥሩው። የታችኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ቅጠል አራግፈው በእርጥብ አሸዋ ወይም አሸዋና ብስባሽ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ይስኩት፤ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው በቀዳዳ ነጭ ፕላስቲክ ይሸፍኑት። አሸዋው እንዲወዛ ያድርጉ እንጂ አይጨቅይ። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥር ያወጣል፤ ቀስ ብለው ሲስቡት እምቢ ካለ ሥር ይዟል ማለት ነው። ከዚያ ለየብቻው በፕላስቲክ ከረጢት አዛውረው ክረምቱን ከዝናብ በተከለለ፣ ብርሃን ግን በሚያገኝ ቦታ ያቆዩት፤ መስከረም ላይ ለመተከል ይደርሳል። ሁሉም ቁራጭ ሥር ስለማይሰጥ ከሚፈልጉት በላይ አብዝተው ይቁረጡ። ሲተክሉም በአንድ ተክልና በሌላው መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፤ ነፋስ ካላገኘ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይወጣበታል።

ከተተከለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት አፈሩ ጨርሶ እንዳይደርቅ ይጠብቁት፤ ሥር ከሰደደ ግን ጣትዎን ወደ አፈሩ ሰድደው የላይኛው 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ ብቻ ያጠጡ። በማሰሮ ያለው ከመሬቱ ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ ሳምንት ሳይሞላው ሊጠማ ይችላል። እጣቢ አያድርጉበት፤ ሳሙናውና ጨው ያለበት ውሃ አፈሩን ያበላሸዋል። ፍግን በተመለከተ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በክረምት ማብቂያ ጥቂት የበሰለ ብስባሽ በዙሪያው መበተን ይበቃዋል፤ ዩሪያም ሆነ ትኩስ ፍግ አያስፈልገውም። ብዙ ያበሉት ተክል ቅጠሉ ይሰፋል፣ ግንዱ ይላላል፣ መዓዛው ግን ይቀንሳል፤ ለጥብስ ቅጠል ደግሞ ዋጋው መዓዛው ነው።

መቁረጥ ከመትከል ያልተናነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተክሉ ስድስት ወር አልፎት ሲደድር መቁረጥ ይጀምሩ፤ በአንድ ጊዜ ግን ከአረንጓዴው ክፍል ከሲሶው በላይ አይውሰዱ። ቅጠል ወደሌለበት ወደ አሮጌው ደረቅ ግንድ ወርደው ከቆረጡ ከዚያ በኋላ አያቆጠቁጥም፤ በየቤቱ ግማሽ ጎናቸው ራቁቱን የቀረ ቁጥቋጦዎች የማያቸው በዚህ ምክንያት ነው። ለማድረቅ ካሰቡ ጠዋት ጤዛው ሲነሣ ቆርጠው፣ በትንንሽ እስር አድርገው ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ይስቀሉት ወይም በሰፌድ ላይ ያስጡት። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቅጠል ቀለሙን ብቻ ሳይሆን በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ተናኝ ዘይትም ያጣል። በእጅ ሲነኩት ሲሰበር ከግንዱ አራግፈው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።

በወጥ ቤት ያለውን አገልግሎት ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም፤ ጥብስ ያለ እርሱ ምን እንደሚጎድለው ያውቁታል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በቅጠሉ ውስጥ ካርኖሲክ አሲድና ሮዝማሪኒክ አሲድ የሚባሉ፣ ስብና ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የአውሮፓ ኅብረት የዚህን ተክል ጭማቂ ምግብ እንዳይበላሽ ለሚያግዝ ጭማሪነት ፈቅዶ ኢ 392 የሚል መለያ ሰጥቶታል። ሥጋ ላይ የሚደረገው ለመዓዛው ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ስለ ፀጉር የሚባለው ፈጽሞ መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም፤ ነገር ግን ከሚነገረው ያነሰ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት በዘር የሚመጣ የፀጉር መመለጥ ያለባቸው 100 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ የሮዝመሪ ዘይት፣ ግማሾቹ ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት በ2 በመቶ መጠን ለስድስት ወር ተጠቅመው ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ግን ትንሽ ነው፤ ምንም ሳይቀቡ የተከታተሏቸው ሰዎችም ስላልነበሩበት ብዙ መደምደሚያ አይወሰድበትም። የተሞከረውም ዘይት እንጂ ጎረቤቶችዎ የሚሉት የቅጠል ፍል ውሃ አይደለም። በፍል ውሃው ፀጉርን መታጠብ ጉዳት ያመጣል ብዬ አልሰጋም፤ የተነጠረውን ዘይት ግን በሌላ የምግብ ዘይት ሳያቀጥኑ ራስ ላይ ማድረግ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፤ መዋጥም አይገባም።

የእናትዎን ነገር በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የጥብስ ቅጠል የግፊት መድኃኒትን አይተካም። በወጥና በጥብስ የሚገባው መጠን ለአብዛኛው ሰው የሚያሰጋ አይደለም፤ አንድ ትንሽ ጫፍ ጣል የተደረገበት ሻይ ደስ ካላቸው አልፎ አልፎ ቢጠጡ ችግር አይታየኝም። በየቀኑ አፍልቶ በብዛት እንደ መድኃኒት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል በቅድሚያ ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ እስከዚያም አንድ ቀን እንኳ ኪኒናቸውን እንዳያቋርጡ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚጥል በሽታ ያለባቸው በተለይ መጠንቀቅ አለባቸው። እኔ የእርሻ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ተክሉ የማውቀው ይህን ያህል ነው፣ ስለ እናትዎ ልብና ኩላሊት የሚያውቀው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው።

ለገበያ ካሰቡ በአንድ ጊዜ ሰፊ ቦታ አይያዙ። 10 ሜትር ርዝመት ባለው መደብ ጫፍና ጫፉን ጨምሮ 17 ያህል ተክል ይይዝልዎታል፤ ይህ ለቤት ከበቃ በኋላ ለጎረቤት ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት በእስር ለመስጠት የሚተርፍ ነው። ደንበኛ ካገኙ በኋላ ይጨምሩ። ቀፎ ካለዎት ንቦች ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አበባውን በጣም ይወዱታል።

የተረፈውን ተክል አይንቀሉት፤ ያረጀ ሥር ሲነቀል አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። እጣቢው ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲፈስ ቦይ ይቀይሩለት። ቀጥነው የረዘሙትን ጫፎች በአረንጓዴው ላይ ይከርክሙ፤ ጎንና ጎን ያቆጠቁጣል። ከታች ካሉት ቅርንጫፎች አንዱን ፀሐይ ወዳለበት በኩል ወደ መሬት ያጎንብሱና መሬት የሚነካውን ክፍል ቅጠሉን አራግፈው፣ ልጡን በምላጭ ጥቂት ጫር አድርገው፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ያልብሱት፤ እንዳይነሣ ድንጋይ ይጫኑበት፤ ጫፉ ግን ከአፈሩ ውጭ ይቅር። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሥር ሲያወጣ ከእናቱ ቆርጠው በአዲሱ መደብ ይትከሉት።